ሦስት ፍሬ የኩል ማሽላ

ወለተ ማርያም እህል የምታውቀው በጣቷ ነው። ዓይኗን ጨፍና አንድ እፍኝ ሰሊጥ ቢሰጧት፣ ዘንድሮ የታጨደ ይሁን ካቻምና፣ ዝናብ የጠገበ ይሁን የተጠማ፣ ሳታንገራግር ትናገራለች። ሱዳን፣ ገዳሪፍ የእህል ገበያ ውስጥ አምስት ዓመት ሰሊጥ አበጥራለች። ነጋዴዎች ሲጨቃጨቁ «ያቺን ሐበሻ ጥሯት» ይባላል። ትመጣለች፣ መዳፏ ላይ ታፈሳለች፣ በአውራ ጣቷ ታሸዋለች፣ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሷ ትሰብራለች፤ ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ የለም። ፊደሉን ግን እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው የገፋችው። ስም ታነባለች፤ ረዘም ካለ ጣቷን እያስከተለች ነው።

ስለዚህ የሐበሾቹ መረዳጃ ማኅበር ምርጫውን በእህል ያደረገ ጊዜ፣ ከቆጣሪዎቹ አንዷ እሷ ሳትሆን ልትቀር አትችልም። በእህል ይሁን ያለችውም ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የመረጡት እጅ በማውጣት ነበር፤ ሐጂ ጀማሉ ግቢ፣ የኒም ዛፏ ጥላ ሥር። ሐጂ ጀማሉ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ገዳሪፍ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ የማኅበሩ ሽማግሌ ነው። ከአራት መቶ በላይ አባል ካለው ማኅበር ስልሳ ሰው መጣ። ሌላው ከየት ይምጣ? እኩሌታው ፋሽጋ እርሻ ላይ ነው፤ ሾዋክ ያለ አለ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ያለ አለ። የቀን ሥራውን ጥሎ፣ ለመኪና ከፍሎ፣ እጅ ለማውጣት ማን ይመጣል? የመጡትም በሰላም አልተመለሱም። ወለተ ማርያም የቤት አከራይዋን አጎት ትታ ለሌላ ሰው ነበር እጇን ያወጣችው፤ ሳምንት ሳይሞላ ዕቃዋን ደጅ ላይ አገኘችው። አልጋዋ፣ ሁለቱ ወንፊቶቿ፣ የእመቤታችን ሥዕል ሳይቀር ፀሐይ ላይ።

«ቤቱን ለዘመድ ፈልጌው ነው እንጂ ክፋት የለኝም» አላት አከራይዋ።

«እጄን ባታየው ኖሮ ዘመድህ ባልመጣ ነበር» አለችው፤ አልጋዋንም ራሷ ተሸክማ ሄደች።

ይኸ ሳያንስ የከተማው ቢሮ ኮሚቴውን አልቀበልም አለ። «ከአራት መቶ ሰው ስልሳ? ይኸማ የስልሳ ሰው ማኅበር ነው» ተባሉ። የኮሚቴው ማኅተም ያለበት ወረቀት ደግሞ እንደዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ከሻ ሲወጣ፣ ማለት ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከየመንገዱ እየለቀመ መኪና ላይ ሲጭን፣ ያቺ ወረቀት ናት ሰውን ከመኪና የምታወርደው። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ከሻው በዝቷል። ቢሮው ዘንድሮ ቁርጡን ነገራቸው፦ ከአባሉ ከግማሽ በላይ የሚቆጠር ድምፅ ከሰጠ ማኅተማችሁን እቀበላለሁ፤ ካልሰጠ ከወር በኋላ እንደገና ትመርጣላችሁ።

ማኅበሩ ይኸን ሊመክር ሲሰበሰብ ወለተ ማርያም ተነሣች።

«በፖስታ ይሁን።»

ሳቁባት። «ፋሽጋ የሚሄደው የትኛው ፖስታ ቤት ነው፣ ወለቴ?»

«የሁዜይፋ ሎሪ። በየሳምንቱ እርሻውን ሁሉ ያዳርስ የለም እንዴ? እሱ ነው ፖስታ ቤቱ።»

«መጻፍ የማይችለውስ?»

«እህል የማያውቅ አለ እዚህ? ለምስጋናው ሦስት ፍሬ ማሽላ፣ ለናጂያ ሦስት ፍሬ ሎብያ። ጨርቅ ውስጥ ይቋጠርና ይላካ።»

ምስጋናው ልብስ ሰፊው ነው፤ ናጂያ ሽቶና ሂና የምትሸጠዋ። ለሊቀ መንበርነት የቀረቡት እነሱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሕጉን አንድ በአንድ አወጣችላቸው። በየእርሻው ያለው ተወካይ፣ እሱ ዘንድ ብቻ ባለው ዝርዝር፣ የመራጩ ስም ላይ ምልክት ያደርግና ቋጠሮውን ይቀበላል፤ ዝርዝሩ እዚያው ይቀራል። የአሥራ አንዱም እርሻ ቋጠሮ አንድ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይናጣል። ባለቤቱ የሚታወቅበት ነገር፣ ጽሕፈትም ይሁን ቀለም፣ የተገኘበት ቋጠሮ ይጣላል። ማንም ማንንም «ለማን መረጥህ» ብሎ እንዳይጠይቅ። በመጨረሻም፦

«ተቆጥሮ ሲያልቅ እህሉን አንድ ድስት ውስጥ ጨምረን እንቀቅለዋለን። ንፍሮውን ሁላችን እንበላዋለን። ማን ማንን እንደ መረጠ ሆድ ይፍጀው!»

«ሆድ ይፍጀው» ሁሉም የሚለው ነገር ነው፤ እንዲህ ጨው ተጨምሮበት ይፈጃል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ሰዉ እየሳቀ ተቀበላት።

አንድ ነገር ግን ያልሳቀችበት ነበር። ወለተ ማርያም በቤቷ ንፍሮ ቀቅላ አታውቅም፤ ገዳሪፍ ከመጣች ጀምሮ ማለት ነው። ምክንያቱ ባሏ ስንሻው ነው።

ስንሻው ከመተማ ቆላ፣ ከቤታቸው፣ የወጣው በሐምሌ 2012 ነው፤ ለአረም፣ ወደ ፋሽጋ። በየዓመቱ ይሄዳል። አርሞ፣ አጭዶ፣ ለገና ይመለሳል። የዚያን ቀን ጠዋት ተጣልተው ነበር። የተጣሉትም በማሽላ ነው። «እዚያ የሚያበሉን ማሽላ አፍ ላይ አሸዋ ነው። የቤቴን እህል እያሰብኩ ነው የምከርመው» አለ። እሷ ስንቅ አሳነስሽብኝ ያላት መሰላት። ጓዳ ገባችና ከእናቷ የወረሰችውን የኩል ማሽላ አንድ እፍኝ አምጥታ ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠረችበት።

«እንካ! ዳር ዳሩን ዝራና የራስህን ብላ!»

ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረችው ይኸን ነው። ደህና ግባ እንኳ አላለችውም።

የኩል ማሽላ የእነሱ መንደር እህል ነው። ነጭ ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቁር አለበት፤ ዓይኗን የተኳለች ሴት ይመስላል። ከሌላው በወር ቀድሞ ይደርሳል፤ አገዳው አንጓው ላይ ቀላ ይላል፣ ሲያኝኩት ይጣፍጣል። ወለተ ማርያም ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስንት ሺህ ጆንያ ሲራገፍ አይታለች፤ የኩል ማሽላ አንዲት ፍሬ አላየችም። የራሷ ዘርም ድንበር ስትሻገር መንገድ ላይ ተበልቶ አልቋል።

አዲሱ ዓመት ገብቶ ኅዳር ላይ ፋሽጋ ተኩስ ተነሣ። ገና መጣ፤ ስንሻው አልመጣም። «ትራክተሩ አጠገብ ከወደቁት አንዱ እሱ ነው» ያለ አለ። «ከሰላ ከተማ ታስሮ አይቼዋለሁ» ያለም አለ። ወንድሙ ተዝካር ይውጣለት አለ፤ ገብስና ስንዴም አሰናዳ።

«ሬሳውን አሳየኝና ንፍሮውን እኔው እቀቅላለሁ» አለችው። ወንድሙ የሚያሳየው ሬሳ አልነበረውም። እሷም ዕቃዋን ጠቅልላ ድንበር ተሻገረች። ገላባት ጠየቀች፣ ሾዋክ ጠየቀች፤ ገዳሪፍ ስትደርስ የፋሽጋ ጆንያ ሁሉ መጨረሻው እዚያ መሆኑን አየችና ተቀመጠች። ጆንያውን ያመጣ መንገድ ሰውም ያመጣል ብላ። ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንኳ ንፍሮ ሲዞር እጇን ከነጠላዋ አታወጣም።

እንግዲህ የምርጫው ዕለት ቅዳሜ ነበር፤ ኅዳር አጋማሽ 2018። የከተማዎቹ ጠዋት መጥተው ቋጠሯቸውን ጣሉ። ሁዜይፋ የእርሻዎቹን ጆንያ ከሎሪው አወረደ። ሁዜይፋ አባቱ የጎንደር ሰው ሆኖ እዚሁ ሱዳን ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሾፌር ነው፤ አማርኛ ሲጀምር ዐረብኛ ይጨርሳል።

«ኻላ፣ አክስቴ፣ ዋላሂ ፖስታ ቤት መሆን ከባድ ነው» አላት። «አንዱ ‹አደራ፣ የኔን ከላይ አድርጋት› ይላል።»

«ናጠው» አለችው።

ናጠው። ሦስቱ ቆጣሪዎች ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ጀማሉ ይፈታል፤ ወለተ ማርያም እህሉን ለይታ ትጠራለች፤ ትብለጽ ትጽፋለች። ትብለጽ ከኡም ራኩባ የመጣች፣ አገሯ መምህርት የነበረች ሴት ናት። አጠራጣሪ የሆነ ቋጠሮ ከመጣ ለብቻው ሳህን ላይ ይቀመጥና መጨረሻ ላይ ይዳኛል። ምስጋናውና ናጂያ ከሰዉ ጋር ቆመው ያያሉ።

«ሎብያ።»

«ሎብያ።»

«ማሽላ።»

እንዲህ እያሉ ፀሐይዋ ኒሟን አለፈች። ጆንያው ወደ መጉደሉ ሲደርስ ሐጂ ጀማሉ አንዲት የጋቢ ቁራጭ ፈታና መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ።

«ይኸኛው ቀለም ነክቶታል መሰለኝ» አለ፤ ሳህኑ ላይም አስቀመጠው።

ወለተ ማርያም ቀና ብላ አየች። ሦስት ነጫጭ ፍሬ። ሦስቱም ጫፋቸው ላይ ኩል።

የሚቀጥለውን ቋጠሮ ስትቀበል ሎብያውን ማሽላ ብላ ጠራችው። «ሎብያ ነው እኮ!» አለች ናጂያ ከቆመችበት። «ሎብያ፣ ሎብያ» አለች ወለተ ማርያም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ፍሬ ተሳስታ አታውቅም።

ጆንያው ተራገፈ። ትብለጽ ደመረች፦ ናጂያ መቶ አሥራ ስምንት፣ ምስጋናው ሰማንያ ስምንት፤ ሁለት መቶ ስድስት። አባሉ አራት መቶ አሥራ ሦስት ነው። ግማሹን ለማለፍ ሁለት መቶ ሰባት ያስፈልጋል።

«አንድ ጎደለን» አለች ትብለጽ።

ሁሉም ሳህኑን አየ። ሳህኑ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ። ሐጂ ጀማሉ አንደኛውን አነሣ። ውስጡ ያለው የሸሚዝ ቁልፍ ነው።

«የኔ ነው!» አለ ምስጋናው። «ልብስ ሰፊው ለማለት ነዋ! ቁልፍ ከኔ ሌላ ለማን ይላካል?»

«ሕጉ እህል ነው የሚለው» አለች ወለተ ማርያም። «ቁልፉን ለሸሚዝ አድርገው።» ሰዉ ሳቀ፤ ቁልፉ ተጣለ።

ሁለተኛው ሦስት ማሽላም ሦስት ሎብያም አለበት። «ይኸ ደግሞ ሊያጋባን የፈለገ ነው» አለች ናጂያ። እሱም ተጣለ።

ሦስተኛው ቀረ።

«እንግዲህ» አለ ሐጂ ጀማሉ፣ «ጥቁሩ ቀለም ከሆነ ምልክት ነው፤ ይጣላል። ተፈጥሮው ከሆነ ማሽላ ነው፤ ይቆጠራል። ይኸን የምትለይ አንቺ ነሽ፣ ወለቴ። ፍረጂ።»

እጇን ዘረጋች፤ ሦስቱንም መዳፏ ላይ አደረገላት። ዓይኗን ጨፈነች። በአውራ ጣቷ አንከባለለቻቸው። የዘንድሮ ነው። ቆዳው ገና ወዙ አልጠፋም፤ ጠረኑ የአገዳ ነው። ያኔ የቋጠረችበት ዘር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። ይኸ ተዘርቶ፣ በዚህ ክረምት ዝናብ አግኝቶ፣ ታጭዶ የመጣ ነው። አንድ ሰው በየዓመቱ ሲዘራው፣ ሲያጭደው፣ ዘሩን ሲያስቀር ኖሯል።

ስንሻው ነው። ወይም ጋቢውን ከስንሻው ሬሳ ላይ የገፈፈ ሰው ነው። ይኸንንም አሰበችው።

አፏን ከፍታ «ይኸ ማሽላ የባሌ ነው» ብትል፣ ቋጠሮው ባለቤቱ ታወቀ ማለት ነው። ባለቤቱ የታወቀ ድምፅ ይጣላል፤ ሕጉ የራሷ ነው። ምርጫው ይፈርሳል፣ ከወር በኋላ ይደገማል። ያኔ ሎሪው ላይ ወጥታ በየእርሻው ጆንያው አጠገብ ትቆማለች፤ የጋቢ ቁራጭ ይዞ የሚመጣውን ሰው ፊቱን ታያለች። አንድ ወር። አምስት ዓመት የጠበቀች ሴት አንድ ወር ምን አላት? በዚያ ወር ውስጥ ግን ከሻ ቢወጣ ማኅተም የለም። ባለፈው የተጫኑት ሴቶች ፊታቸው መጣባት፤ አንዷ እንዲያውም አብራት የምታበጥር ነበረች።

ዝም ብላ «ማሽላ ነው» ካለች ደግሞ ነገሩ ይዘጋል። ሦስቱ ፍሬ ድስት ይገባሉ። ከየትኛው እርሻ እንደ መጣም አይታወቅም፤ ይናጥ ያለችው እሷ ናት።

«ወለቴ?» አለ ሐጂ ጀማሉ።

ከሁሉ የከበዳት ግን ሌላ ነው። ስንሻው በሕይወት ካለ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ «አለሁ» ያለው በዚህች ጨርቅ ነው። ወንድሙ የለም አለ። ቀበሌው የለም አለ። አሁን ደግሞ እሷ፣ ሬሳውን አሳዩኝ ስትል የኖረችው፣ ድምፁን ይዛ «አትቆጠርም» ልትለው ነው? ደግሞስ ማሽላ መላኩ! እሷ ጠዋት የጣለችው ሎብያ ነው። ይኸ እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው፤ መቼ ከእሷ ጋር ተስማምቶ ያውቅና።

ዓይኗን ገለጠች።

«ቀለም አይደለም» አለች። «እንዲህ ሆኖ ነው የሚፈጠር። ማሽላ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንድ በል፣ ሐጂ። ቁጠረው።»

ትብለጽ ጻፈች። ሁለት መቶ ሰባት። ግቢው በእልልታ ተናጋ፤ ናጂያን አቅፈው አነሷት፤ ምስጋናው ራሱ ከአቃፊዎቹ አንዱ ነበር፤ ቁልፉን ግን እንዲመልሱለት ጠየቀ።

ድስቱ ተጣደ። ለሁሉም እንዲደርስ ከሐጂ ጀማሉ ጓዳ የመጣ እህል ድስቱን ሞልቶታል፤ ወለተ ማርያም የድምፁን ማሽላና ሎብያ ከየሳህኑ ገለበጠችበት። ሦስቱ ፍሬ ግን ገና መዳፏ ላይ ናቸው። አንዷን ከጥፍሯ ሥር ማስቀረት ይቻላል፤ ማንም አያይም። በሐምሌ አንዷን ፍሬ ብትቀብር ለከርሞው አንድ ራስ ማሽላ ነው፤ አንድ ራስ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ማሳ ነው።

«ሓፍተይ፣ እህቴ» አለቻት ትብለጽ አጠገቧ ተጠግታ፣ «ምነው እጅሽን ወደ ኋላ ሳብሽ?»

«እሳቱ ነው።»

«እሳቱ ገና አልነደደም እኮ።»

ወለተ ማርያም መዳፏን ድስቱ ላይ ገለበጠች፤ ሦስቱንም። ከዚያ ጥፍሯን በሌላው ጥፍሯ ጠረገች፤ ምንም እንዳልቀረ ራሷ እንድታይ።

ንፍሮው በሰለ። ሱዳናውያኑ ጎረቤቶች በሊላ ነው ብለው ዘይትና ሽንኩርት ይዘው መጡ። ወለተ ማርያም በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ንፍሮ አፏ አደረገች። እፍኟን እያገላበጠች ፈለገች፤ የኩል ማሽላ ግን ሲቀቀል ኩሉን ይለቃል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ነበር። ቀስ ብላ አኘከች። የለቅሶ ንፍሮ እንዲህ ጮኸው እየሳቁ አይበሉትም፣ አለች በልቧ፤ ይኸ የተቆጠረ ሰው ንፍሮ ነው።

ሰዉ ሊበተን ሲል ቆመች።

«ፖስታ የላኩትስ? ድርሻቸውን ሳይበሉ? ውጤቱንስ ማን ያነብላቸዋል?»

«ሁዜይፋ ይነግራቸዋል» አለ ሐጂ ጀማሉ።

«ሁዜይፋ ግማሹን በዐረብኛ ነው የሚነግራቸው። እኔ እሄዳለሁ።»

ሐጂ ጀማሉ መነጽሩን አወለቀ። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጠ ሰው ነው፤ የሰው ፊት ያውቃል። «ሂጂ» አለ። «ግን ስለ ምርጫው ማንንም እንዳትጠይቂ። ሕጉ የራስሽ ነው።»

«ሰው አልጠይቅም።»

እርሻ ማየት ግን ማን ከለከለ?

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ሎሪው ላይ ወጣች፤ ንፍሮውን ሌሊቱን አስጥታ አድርቃው ነበር። ሾዋክን አለፉ፤ አስፋልቱ ቀረ፤ ጥቁሩ አፈር መጣ። ሰሊጡ ታጭዶ ክምር ክምሩ ቆሟል፤ ማሽላው ገና ራሱን ደፍቶ መጫጃውን ይጠብቃል፣ ዓይን እስኪታክት። በየእርሻው ሲደርሱ ሠራተኞቹ ከሣር ጎጆዎቻቸው ይወጣሉ። እሷ የውጤቱን ወረቀት ታነባለች፣ ጣቷን እያስከተለች፦ «ናጂያ መቶ አሥራ ስምንት። ምስጋናው ሰማንያ ዘጠኝ። ማኅተሙ ይጸድቃል።» ከዚያ ለእያንዳንዱ አንዳንድ እፍኝ ንፍሮ ትሰጣለች፤ እነሱ ሲበሉ የእርሻውን ዳር ዳር ታያለች። ሁዜይፋ ሽንት የምትፈልግ መስሎት ፊቱን ያዞራል።

በመጀመሪያው ቀን አምስት እርሻ አዳረሱ። ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ሰባተኛው እርሻ ላይ፣ ከጎጆዎቹ ጀርባ፣ በእሾህ የታጠረ ሁለት አልጋ የማታህል መሬት አየች። ራሱ ተቆርጦ አገዳው ብቻ ቆሟል። አንጓው ቀይ ነው።

ሄደች። እሾሁን በጫማዋ ገፋ አደረገች። አንድ አገዳ ሰብራ ነከሰች። ጣዕሙ የመንደሯ ነው።

የእርሻው ተወካይ ምንይችል የሚባል የቋራ ሰው ነው፤ እጁን እየጠረገ ተከትሏት መጣ። «እትዬ፣ ይኸን እንኳ ባትነኪ ይሻላል። ባለቤቱ ይቆጣል።»

ስለ መዝራት መጠየቅ ስለ መምረጥ መጠየቅ አይደለም፤ ይኸን መንገድ ላይ አስባ ጨርሳዋለች።

«ማን ነው የዘራው?»

«አባ ኩሉ እንለዋለን። በስሙ የሚጠራው የለም። ከታሰረበት ሲወጣ አንድ ጆሮው አልሰማ ብሎ ነው የመጣ፤ ብዙም አያወራ። አገሩ ሰው ልኮ ነበር አሉ፤ ቤቱ ባዶ ነው ተባለ። እኛ እርሻ ከመጣ ሦስት ክረምቱ ነው። የትም ቢሄድ ግን ዳር ዳሩን ይቺን ይዘራል።»

«ለምን?»

«እኛም እንጠይቀዋለን። ‹ታዝዤ ነው› ይላል። ማን አዘዘህ ስንለው ይስቃል እንጂ አይናገር።»

ወለተ ማርያም አገዳውን በሁለት እጇ ያዘችው። ምንይችል ምን እንደ ነካት አልገባውም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስታደርግ አቧራው መሰለው።

«አሁን የት ነው?» አለች በነጠላዋ ውስጥ።

«ወንዙ ማዶ ለአጨዳ ወርዷል፤ ከትራክተሩ ጋር። በሳምንትም ይሁን በሦስት ሳምንት፣ ሥራው ሲያልቅ ነው።»

«ይመለሳል?»

«ይቺን ትቶ የት ይሄዳል?» አለና የአንዷን ጎጆ ጣራ አሳያት። ከውስጥ፣ ከማገሩ ላይ፣ የማሽላ ራሶች በገመድ ታስረው ተንጠልጥለዋል፤ ነጭ፣ ጫፋቸው የተኳለ። ለዘር የተቀመጡ።

ወጥታ ሰዉን ሰበሰበች። ሥራዋን መጨረስ ነበረባት። ወረቀቱን አነበበች፤ ሰማንያ ዘጠኝ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ንፍሮውን አደለች። ምንይችል የስም ዝርዝሩን አወጣ።

«ከዚህ አሥራ ሁለት ሰው ነው የላከ» አለ። «የበላነው አሥራ አንድ ነን። የቀረውን ሰው ስሙን ላንብብልሽ?»

«አታንብብ» አለችው። «ሕግ ነው።»

ሁዜይፋ ሞተሩን አስነሥቶ ራሱን በመስኮት አወጣ። «ኻላ! ያላ፣ አራት እርሻ ይቀረናል!»

ወረቀቱንና የንፍሮውን ከረጢት አቀበለችው። «አንተ አንብብላቸው። በአማርኛ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚህ ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ለገና ይመለሳል» አለች።

ሁዜይፋ ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ነበር፤ ፊቷን አየና ተወው። ሎሪው አቧራውን እያስነሣ ሄደ። ወለተ ማርያም ከእሾህ አጥሩ አጠገብ፣ ወደ ወንዙ ዞራ ተቀመጠች። ከከረጢቱ አስቀድማ ያወጣችው አንድ እፍኝ ንፍሮ ነበራት፤ የአሥራ ሁለተኛው ሰው ድርሻ። የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋች፣ ንፍሮውን መሐሉ ላይ አደረገች፣ ቋጠረችው። ጠበቅ ያለ መሰላት፤ ፈታችና ቀስ ብላ እንደገና ቋጠረችው።